የከተማ መብራት ከዋክብትን እንዴት እንደሚሰውርና ተማሪዎች እንዴት እንደሚለኩት

ከዋክብት በቀንም በሰማይ አሉ፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን አየሩን ስለሚሞላው አይታዩም። የከተማ መብራትም በሌሊት ይህንኑ በመጠኑ ያደርጋል። ክዳን የሌለው አምፑል ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ ላይ ይሰዳል፤ ያም ብርሃን በአየሩና በአየሩ ውስጥ ባለው ትቢያና ጢስ ተበትኖ ወደ ዐይናችን ይመለሳል። ስለዚህ ሰማዩ ይነጣል፤ ደካሞቹም ከዋክብት ይሰወራሉ። ይህ የብርሃን ብክለት ይባላል።

ለዚህም አዲስ አበባ ምሳሌ ትሆናለች። ከከተማው በስተሰሜን በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ተራራው ከፍ ያለ ቢሆንም የከተማው ብርሃን ከሥሩ ይወጣል። በደቡብ በኩል በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚማር ልጅ ደግሞ ወደ እንጦጦ ሲመለከት አብዛኛውን ከተማ አሻግሮ ነው። አያቶቹ የሚያውቁትን ፍኖተ ሐሊብን ሳያይ ሊያድግ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2022 ሰዎች በዐይናቸው አይተው የላኩትን ከ50,000 የሚበልጥ ምልከታ መርምሮ፣ የሰማዩ ንጣት በየዓመቱ ከመቶ 10 ያህል እንደ ጨመረ አገኘ። እንዲህ ከሆነ፣ ልጅ ሲወለድ 250 ከዋክብት ይታዩበት በነበረ ቦታ፣ 18 ዓመት ሲሞላው 100 ያህል ብቻ ይቀራሉ። ከምልከታዎቹ የሚበዙት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው፤ የአገራችንን ሰማይ መቍጠር ግን የልጆቻችን ሥራ ነው።

የአለካኩ ሥርዓት

1ኛ፤ ከወፍራም ወረቀት ርዝመቱ 30፣ የአፉ ስፋት 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ይጠቅለል።

2ኛ፤ ጨረቃና ደመና በሌለበት በኅዳር ወይም በጥር ሌሊት፣ ፀሐይ ከገባች ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋራ ወደ ሜዳ ይውጡ። ዐይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይቈዩ፤ በዚህም ጊዜ መብራት አይመልከቱ።

3ኛ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በቱቦው ዐሥር ልዩ ልዩ የሰማይ ቦታ ተመልክቶ ያያቸውን ከዋክብት ይቍጠር፤ ይደምርም።

4ኛ፤ ቱቦው ከላያችን ካለው ሰማይ 50ኛውን እጅ ያህል ስለሚያሳይ፣ ድምሩ በ5 ሲባዛ በቦታው የሚታዩት ከዋክብት በግምት ይታወቃሉ። ድምሩ 40 ቢሆን 200 ከዋክብት ማለት ነው። ከከተማ በራቀ ንጹሕ ጨለማ ግን በአንድ ጊዜ ከ2,000 የሚበልጡ ይታያሉ።

5ኛ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በደብተር ይጻፍ፤ በየዓመቱም በዚያው ወር ይደገም።

የገጠርና የከተማ ትምህርት ቤቶች ቍጥራቸውን በደብዳቤ ቢለዋወጡ ልዩነቱ ጐልቶ ይታያል። የአገር ሽማግሌዎችም በዚያች ሌሊት ተገኝተው ሰባቱን ከዋክብትና ሌሎቹን በስማቸው ለልጆች ቢያሳዩ፣ ቍጥሩ ከእውቀት ጋራ ይያያዛል።

መድኃኒቱ መብራትን መጥላት አይደለም፤ መብራት ለመንገደኛም ለተማሪም ይጠቅማልና። አምፑሉን ከላይ መክደን፣ ብርሃኑን ወደ መሬት ማዘንበል፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለማብራት ይበቃል። የቈሸሸ ወንዝ እስኪጠራ ዓመታት ይፈጃል፤ ሰማይ ግን መብራቱ በተከደነበት ሌሊት ይጠራል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ አዲስ የሚገባበት መንደር ከመጀመሪያው ቢያስብበት፣ ከተማ ያጣውን ሳያጣ ይኖራል።

ጥያቄ

1. ከዋክብት በቀን የማይታዩት ስለ ምንድር ነው?
2. የዐሥሩ ቍጥር ድምር 65 ቢሆን፣ በቦታው ስንት ከዋክብት ይታያሉ?
3. በመንደራችሁ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚሰድ መብራት የትኛው ነው? እንዴትስ ይከደናል?