ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ልዩ ልዩ፦ ሦስቱ ቶምሰኖች

የፊዚክስ ተማሪ በትምህርት ዘመኑ «የጁል-ቶምሰን ክስተት»፣ «የቶምሰን የአቶም ሞዴል» እና «የቶምሰን የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ሙከራ» የሚሉ ስያሜዎች ያጋጥሙታል። ሦስቱም የአንድ ሰው ሥራዎች ሊመስሉት ይችላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ቶምሰን ማለት «የቶማስ ልጅ» ማለት ነው። በእኛ ባህል የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ግን የቤተሰብ ስም ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚተላለፍ፣ ዝምድና የሌላቸው እጅግ ብዙ ሰዎች ይጋሩታል።

የመጀመሪያው ዊሊያም ቶምሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 በቤልፋስት ተወልዶ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተማረ። በ1848 ፍጹም የሙቀት መጠን መለኪያን አቀረበ። ከጄምስ ጁል ጋርም በመሆን፣ ታምቆ የነበረ ጋዝ በጠባብ መተላለፊያ አልፎ ሲሰፋ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚቀዘቅዝ አሳየ፤ አየርን ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ የሚያገለግለው ይኸው ክስተት ነው። በ1892 ሎርድ ኬልቪን የሚል ማዕረግ አገኘ። እንግዲህ ኬልቪን የተባለው የሙቀት መጠን መለኪያም ሆነ የጁል-ቶምሰን ክስተት የሚጠሩት በዚሁ ሰው ስም ነው።

ሁለተኛው በ1856 በማንቸስተር አቅራቢያ የተወለደው ጆሴፍ ጆን ቶምሰን ሲሆን፣ ከዊሊያም ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። በ1897 በካምብሪጅ፣ በካቬንዲሽ ላቦራቶሪ፣ የካቶድ ጨረር በኤሌክትሪክና በማግኔት መስክ ውስጥ ሲታጠፍ በመለካት፣ ጨረሩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ፍሰት መሆኑን አስረዳ። ዛሬ ኤሌክትሮን የምንለው ይህ ቅንጣት ከሃይድሮጅን አቶም 1800 ጊዜ ያህል የቀለለ ነው። ስለሆነም አቶም የማይከፈል ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ተናጋ። የአቶም ሞዴሉ የእርሱ ነው፤ በ1906 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሦስተኛው የጆሴፍ ጆን ልጅ ጆርጅ ፓጄት ቶምሰን ነው። በ1927 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ፣ የኤሌክትሮን ጨረር እጅግ ስስ በሆነ ገለፈት ውስጥ ሲያሳልፍ፣ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ክብ ቀለበቶች ታዩ። እንዲህ ያለው የዲፍራክሽን ቅርጽ የሚፈጠረው በሞገድ ነው። ለዚህም ሥራው በ1937 ከአሜሪካዊው ክሊንተን ዴቪሰን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋራ።

አባት ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኑን አሳየ፤ ልጅ ደግሞ የሞገድ ጠባይ እንዳለው አረጋገጠ። ልጅ የአባቱን ሥራ አላፈረሰም፤ የኳንተም ፊዚክስ እንደሚያስተምረን ሁለቱም ጠባያት የኤሌክትሮን ናቸው። ሦስቱን ሰዎች እንደ አንድ የሚቆጥር ተማሪ ግን ይህን ቁም ነገር ሳያስተውል ያልፋል። ስለዚህ «ቶምሰን» የሚል ስም ሲያጋጥመን፣ «የትኛው ቶምሰን? በየትኛው ዓመት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።