የፓይተን ስክሪፕትን ማሸግ፦ የ«አንድ ፋይል» ምርጫና የመረጃ ደኅንነት

በፓይተን የተጻፈ ስክሪፕት ፓይተን ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ኢንተርፕሪተሩንና የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች አብሮ ማሸግ ያስፈልጋል። አውቶ-ፓይ-ቱ-ኢኤክስኢ ይህን ተግባር ትእዛዝ መጻፍ ሳያሻ በመስኮት ላይ በሚደረግ ምርጫ ያከናውናል፤ ከበስተጀርባ የሚያሽገው ግን ፓይኢንስታለር ነው። «አንድ ፋይል» የሚለው ምርጫ ለማከፋፈል ቢመችም ጥንቃቄን ይሻል። እንዲህ የታሸገ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር ይዘቱን ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ያወጣል፤ በአግባቡ ሲዘጋም ፎልደሩ ይሰረዛል። በመሆኑም ስክሪፕቱ የተጠቃሚውን መዝገብ ከራሱ ኮድ አጠገብ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ የተመዘገበው መረጃ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። መፍትሔው የሚነበቡ ቋሚ ፋይሎችን በጥቅሉ ውስጥ ማካተት፣ የሚጻፉትን ግን በተጠቃሚው የግል ፎልደር ማኖር ነው። ጉድለቱ ከመታሸጉ በፊት ስለማይታይ፣ የታሸገው ፕሮግራም ተዘግቶና ዳግም ተከፍቶ ሊፈተሽ ይገባል።