ካውቦዩ አሻንጉሊት ነው ወይስ ምስል?

በዲፓርትመንታችን ስለ ፊልም ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ዳይሬክተሩን፣ ታሪኩንና ትወናውን ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ገጸባሕርይው የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ብዙም የለም። አንዳንዱ ገጸባሕርይ ግን መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የድሮ የካውቦይ ፊልም ገጸባሕርያትን በትንሹ ቀርጾ፣ አልብሶና አስታጥቆ ስለ መሰብሰብ፣ በተለይም ደግሞ ይህ ነገር ያስነሳውን አንድ ክርክር ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እንይ። «አክሽን ፊገር» የሚለው ስያሜ የመጣው በ1964 ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጂአይ ጆ የተባለውን ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ ነው። ከዚያ በፊት በ1959 ባርቢ ወጥታለች። ልብስ የሚቀየርለት አሻንጉሊት የሴት ልጅ ዕቃ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ወላጆች ለወንድ ልጃቸው አይገዙም የሚል ስጋት ነበረ። ስለዚህ ኩባንያው «አሻንጉሊት» የሚለውን ቃል ሸሸው። በዓመቱ በ1965 ማርክስ የተባለው ሌላ ኩባንያ ጆኒ ዌስት የሚባል ካውቦይ ከነፈረሱ አወጣ። እኛ ጋ መቼም ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ በአማርኛ ሁሉም አሻንጉሊት ነው። ግን ቃሉ ስድብም ነው። ራሱን ያልቻለ መንግሥት «አሻንጉሊት መንግሥት» ይባል የለ? ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የአንድ ስድስተኛ መጠን ያለውን ነው። 1 ሜትር ከ80 ሳንቲም የሚረዝም ሰው 30 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ፊቱ ይቀረጻል፣ ይቀባል፤ ልብሱ በእውነተኛ ጨርቅ ይሰፋል፤ ሽጉጥ የሚጨብጥና ባዶውን የሚዘረጋ ተቀያሪ እጅ ይኖረዋል። ከሁሉ የሚከብደው ታዲያ ፊቱ እንዳይመስላችሁ። ጨርቁ ነው። ሰውየውን በስድስት ስታካፍለው የጨርቁ ውፍረት አብሮ አይካፈልም። እውነተኛ የሱፍ ፖንቾ ለ30 ሳንቲም ሰው ብትሰፋለት እንደ ካርቶን ቆሞ ይቀራል፤ ትከሻው ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ባለሙያው ሱፍ የሚመስል ስስ ጨርቅ መፈለግ፣ ክሩም ቁልፉም እንዲያንስ ማድረግ አለበት። እውነቱን ለመምሰል እውነተኛውን ዕቃ መተው ግድ ይሆንበታል። ይህንን በሰፈሬ ለሚገኙ አንድ ልብስ ሰፊ ብነግራቸው «ለሕፃን ክርስትና ልብስ ስሰፋም እንደዚያው ነው» አሉኝ።

ምሳሌ ልውሰድ። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964፣ በ1965 እና በ1966 በሠራቸው ሦስት ፊልሞች ክሊንት ኢስትዉድ የተጫወተው ሰው፣ በተለምዶ «ስም የለሹ» የሚባለው፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነው። በ2020ዎቹ መጀመሪያ ሳይድሾው የተባለው ኩባንያ የኢስትዉድን ገጸባሕርያት በዚሁ መጠን በተከታታይ አውጥቷል። ሰብሳቢ ሲያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ፊልም ላይ ያለው ነው?» ብሎ ነው። በሦስተኛው ፊልም ላይ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በረዥም ካፖርት ነው፤ ያን ታዋቂ ፖንቾ የሚለብሰው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ሽጉጡም ቢሆን ይለያል። በመጀመሪያው ፊልም የያዘው ኮልት በ1873 የወጣውን ዓይነት ነው፤ በሦስተኛው ግን የ1851ዱ ኮልት በጥይት እንዲሠራ ተደርጎ የተቀየረ ነው። ያ ፊልም የሚያሳየው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትን ነው፤ ጦርነቱ ደግሞ በ1865 አልቋል። እንዲህ የተቀየሩት ሽጉጦች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ቀራጩ ለማን ይታመን? ለታሪኩ ወይስ ለፊልሙ? ለፊልሙ ነው። ስሕተቱንም ጭምር በትክክል ይቀርጸዋል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሰውየው የተናገረውን ከነስሕተቱ እንጽፋለን እንጂ አናርምለትም።

ወደ መሳለሚያ ልምጣ፣ ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ። በአንድ በኩል እህል በረንዳ አለ፣ በሌላ በኩል መርካቶ። በልጅነታችን ካውቦይ የምናገኘው በላስቲክ ከረጢት ታጭቆ ከሚሸጠው የፕላስቲክ ሠራዊት ውስጥ ነበር፤ ሁሉም አንድ ቀለም፣ ፊት የሚባል ነገር የለውም። የታላላቆቻችን ካውቦይ ደግሞ ሲኒማ ራስ ነበር የሚገኘው። አጎቴ እስከ ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ሲተርክልኝ የገጸባሕርይውን ስም አይጠራም፤ «አክተሩ» ነው የሚለው፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። አሁን ሰፈራችን ውስጥ የማውቀው አንድ ሰብሳቢ ብቻ ነው። ውጭ አገር ያለች እህቱ የላከችለትን አራት ፊገሮች በእናቱ ቡፌ ውስጥ ከስኒዎቹ ጎን ደርድሯል። እናትየው «ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል እንዴ?» ይሉታል። እሱም «እማዬ፣ መጫወቻ አይደለም እኮ» ይላቸዋል። እሳቸው አቧራውን እየጠረጉለት ነው ታዲያ የሚጨቃጨቁት።

ይህ የእናትና የልጅ ክርክር አሜሪካ ውስጥ በትልቁ ተነስቶ ያውቃል። በዲሴምበር 2012 የኩዌንቲን ታራንቲኖ «ጃንጎ አንቼይንድ» ወጣ። ስሙ የተወሰደው በ1966 ሰርጂዮ ኮርቡቺ ከሠራውና ፍራንኮ ኔሮ ከተጫወተበት ፊልም ነው፤ ኔሮ ራሱ በአዲሱ ፊልም ላይ ለአፍታ ብቅ ይላል። የአዲሱ ጃንጎ ግን ነፃ የወጣ ጥቁር ባሪያ ነው። ኔካ የተባለ ኩባንያ የፊልሙን ገጸባሕርያት፣ ጃንጎንና ሚስቱን፣ ባሪያ አሳዳሪውንና የቤት አሽከሩን ጨምሮ፣ 20 ሳንቲም ገደማ በሚረዝም መጠን የጨርቅ ልብስ አልብሶ ሸጠ። ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ተሟጋቾች ተቃወሙ። ሰው እንደ ዕቃ የተሸጠበትን ታሪክ እንደገና የሚሸጥ ዕቃ ማድረግ ስድብ ነው አሉ። የፊልሙ ባለቤቶች በበኩላቸው ዕቃው ለልጆች ሳይሆን ለአዋቂ ሰብሳቢዎች የታሰበ መሆኑን ገለጹ። ያም ሆኖ በጃንዋሪ 2013 ምርቱ እንዲቆም ተደረገ። ወዲያው ዋጋው ከጥቂት አሥር ዶላሮች ተነስቶ ወደ መቶዎች ተተኮሰ፤ ኢቤይም ሽያጩን ከለከለ።

እኔ የማደላው ወደ ተቃዋሚዎቹ ነው፤ ግን በግማሽ። ባሪያ አሳዳሪውንና ባሪያይቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚሸጥ ሱቅ ልብ ይጎረብጣል፤ እዚህ ላይ «አሻንጉሊት» የሚለው ቃላችን ከነስድቡ ትክክለኛው ቃል ነው። ግማሹ የሚያስቸግረኝ ደግሞ ይህ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ከአሜሪካ ካውቦዮች በግምት አራተኛው እጅ ጥቁር ነበር ይላሉ። የድሮዎቹ ፊልሞች ግን ነጭ ብቻ አድርገው ነው ያሳዩን። ጆን ፎርድ በ1960 ዉዲ ስትሮድን ጥቁር ወታደር አድርጎ «ሳርጀንት ረትሌጅ»ን ቢሠራም እንዲህ ዓይነቱ በጣት የሚቆጠር ነበር። ፊልም ላይ ያልወጣ ደግሞ ፊገር አይሆንም። ጃንጎ በዚያ መደርደሪያ ላይ ሽጉጥ ታጥቆ ቀና ብሎ የቆመ ጥቁር ካውቦይ ነበር፤ ሲነሳ ቦታው ባዶ ሆነ። የሰፈራችን ሰብሳቢ አራቱም ነጮች ናቸው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «የተሠራውን ነዋ የምሰበስበው» አለኝ።

መሰብሰብ ለሚያምራችሁ ስለ ዋጋው ልንገራችሁ። ባለ አንድ ስድስተኛው በአብዛኛው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ከ20,000 ብር በላይ ማለት ነው፤ በእኛ ሰፈር ይህ በኩንታል ጤፍ የሚሰላ ገንዘብ ነው። ከውጭ የሚመጣላችሁ ካለ ሣጥኑን አትጣሉ፣ ዋጋው ግማሹ እሱ ነው ይባላል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው መስኮት አርቁት፤ ቀለሙን ይበላዋል። የሽጉጡ ቀበቶ ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላላጥ ይጀምራል፤ ክረምት ላይ በእርጥበት ጊዜ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። እናትየው ሳያውቁት ትክክል ናቸው፤ መስታወት ያለው ቡፌ ጥሩ ቦታ ነው፣ በየሳምንቱ ለስላሳ ጨርቅ ካገኘ።