የመንጋጋ ዕጢ፦ ካንሰር ያልሆነ፣ ነገር ግን ተመልሶ የሚመጣ



በኢትዮጵያ ሳለን መንጋጋው ቀስ በቀስ እያበጠ የሄደ ሰው ያላየ ጥቂት ነው። አንዱ «ቡዳ ነው»፣ ሌላው «ጥርስ ነው» ይላል፤ ስለማያምም ዓመታት ያልፋሉ፤ ፊትም በነጠላ ይሸፈናል። ይህ ትምህርት ከእንዲህ ዓይነቶቹ እብጠቶች ስለ አንዱ፣ ሐኪሞች «አሜሎብላስቶማ» ስለሚሉት ዕጢ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ከሚሠሩ ሕዋሳት ቅሪት የሚነሣ ዕጢ ነው። ከአምስቱ አራት ያህሉ በታችኛው መንጋጋ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኋለኞቹ ጥርሶች አካባቢ ይወጣል። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ሆኖም አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ይሄዳል።

ምልክቶቹ

• የማያም የመንጋጋ ወይም የድድ እብጠት
• የጥርስ መነቃነቅ ወይም ከቦታው መሸሽ

ራጅ ጥርጣሬን ያስነሣል፤ የሚያረጋግጠው ግን ከዕጢው ጥቂት ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው።

ስለምን ይመለሳል?

ዕጢው ጤነኛ ወደሚመስለው አጥንት ጥቃቅን ሥሮች ይሰዳል። ተፍቆ ብቻ ከወጣ፣ እንደ አረም ሥሩ ይቀራል። ስለዚህ ሐኪሙ በዙሪያው 1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ አጥንት ጨምሮ ለመቁረጥ ቢወስን አይደንግጡ። የጎደለውን ከታችኛው እግር በሚወሰድ ቀጭን አጥንት መተካት ይቻላል። ዕጢው ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ «ድኛለሁ» ብሎ ከቀጠሮ መቅረት አይገባም።

በራሞት የሚኖሩ ምን ያድርጉ?

1. ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ መሠረት፣ ማንኛውም የአገሪቱ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ ይመዘገባል። መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪምዎን ወይም የጥርስ ሐኪም ያነጋግሩ። እዚሁ በቤር ሼቫ የሚገኘው የሶሮካ ሆስፒታል የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል አለው። ወደ ሆስፒታል ሲላኩ ቶፌስ 17 ያስፈልግ እንደሆነ በኩፓት ሆሊምዎ ይጠይቁ።

2. በኢትዮጵያ መንጋጋዎን ተቀድደው ከሆነ፣ ጠባሳው ቢያሳፍርዎትም ለሐኪሙ ይንገሩ። የቆየ ራጅና የምርመራ ወረቀት ካለ አይጣሉ፤ ይዘው ይቅረቡ።

3. ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። የአባቱ መንጋጋ እንደሚቆረጥ በገዛ አፉ መናገር ለልጅ ከባድ ሸክም ነው። አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ።

በጊዜ የታየ ዕጢ ትንሽ አጥንት ያስከፍላል፤ የተደበቀ ግን ብዙ። እብጠት ነውር አይደለም፤ ያሳዩት።