በመኖሪያ ግቢ የሚተከሉ ዛፎች አመራረጥና አያያዝ

በግቢ የሚተከል ዛፍ እንደ በቆሎ በየዓመቱ የሚቀየር አይደለም፤ ከቤተሰቡ ጋር ሃያና ሠላሳ ዓመት ይኖራል። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚተከለው ችግኝ ጣቢያው ያፈላው ሁሉ ነው። ስለዚህ ችግኝ ከመታደሉ በፊት የልማት ሠራተኛው ከባለቤቶቹ ጋር ግቢውን ዞሮ እንዲያይ እንመክራለን። ቤቱ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ የመብራት ሽቦውና የጎረቤት አጥር የት እንዳሉ ይታይ፤ ዛፉ የሚፈለገው ለጥላ፣ ለነፋስ መከላከያ ወይም ለጣውላ መሆኑም ይጠየቅ።

በደጋና በወይና ደጋ አስቀድሞ የሚጠየቀው ባሕር ዛፍ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሰጠውን ጥቅም አንክድም። ነገር ግን ውሃ በብዛት ይስባል፤ በአጠገቡ የጓሮ አትክልት አይጠናም። ቦታው ከግቢ ውጭ፣ ከውሃ ጉድጓድና ከማሳ ርቆ ነው። ሰፊ ግቢ ላለው ዋንዛን እናስቀድማለን። ጥላው ጥሩ ነው፣ የሚረግፈው ቅጠል አፈር ያለማል፣ አበባውን ንብ ይወደዋል፣ ጣውላውም ተፈላጊ ነው። ቅርንጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ግን ከቤት ቢያንስ 8 ሜትር ይራቅ። ለጠባብ ግቢ ቅርንጫፉ ቢመለመል የማይጎዳው ግራቪሊያ ይሻላል። ጥድና ወይራ ዝግ ብለው ያድጋሉ፤ ለልጅ ልጅ ነው የሚተከሉት ቢባልም ድርቅ ይችላሉ። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ቆላ ወስዶ መትከል ችግኝ ማባከን ነው።

ጉድጓዱ ዝናብ ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይቆፈር። የላይኛው አፈር ለብቻው ተከምሮ በሚገባ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባለቅ። የክረምት ዝናብ በሚያገኙ አካባቢዎች ተከላው አፈሩ በደንብ ሲርስ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይሁን። ዘግይቶ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል።

በጥብቅ የምናሳስበው የላስቲኩን ነገር ነው። ችግኝ ከነላስቲኩ ሲቀበር ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ሥሩ በውስጡ ተጠቅልሎ ዛፉ ከዓመታት በኋላ ይቀጭጫል ወይም ነፋስ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በዘሩ ወይም በአፈሩ ይሳበባል። አፈሩ እንዳይፈርስ ችግኙ ቀደም ብሎ ውሃ ይጠጣ፤ ላስቲኩ በምላጭ ተቀድዶ ይውጣ፤ ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ይቆረጥ። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ ጠልቆ የተቀበረ ይበሰብሳል።

ከጥቅምት በኋላ ዝናብ እስኪገባ ድረስ በሳምንት አንድ ባልዲ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ይህም ቢያንስ ለሁለት በጋ። ዙሪያው በሣር ወይም በገለባ ይጎዝጎዝ፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ፍየል በሚለቀቅበት መንደር ያለ እሾህ አጥር መትከል ከንቱ ድካም ነው። አንድ ቤተሰብ በበጋ ስንት ባልዲ ውሃ እንደሚተርፈው ይጠየቅ፤ ሦስት ዛፍ ማጠጣት ለሚችል ሦስት ችግኝ ብቻ ይሰጥ። ማኅበራትም በሪፖርታቸው ከተተከለው ቁጥር ጎን በሚያዝያ ቆመው የተገኙትን ቆጥረው ያስፍሩ።