ደመወዙ ሳይገባ የሚወሰን ምጽዋት

ብዙ ክርስቲያን የማይሰጠው ስስታም ሆኖ አይደለም፤ ወሩ ሲጋመስ የሚሰጠው ስለሚያጣ ነው። «ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» የሚል ሰው ገቢው እጥፍ ቢሆን እንኳ ኪራዩ፣ ልብሱና ግብዣው አብረው ያድጉና ትርፍ የሚባለው አይመጣም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 ለኢየሩሳሌም ምእመናን የሚላከውን ርዳታ እያንዳንዱ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ገቢው እየለየ እንዲያስቀምጥ ያዘዘው፣ እሱ ሲደርስ ሩጫ እንዳይሆን ነው። እርስዎም ከዚሁ ይጀምሩ፤ የሚሰጡትን፣ የሚለምን ሰው ፊትዎ ሳይቆም ይወስኑ።

በቅድሚያ የሌላ ሰው ገንዘብ እጅዎ ላይ እንዳለ ይዩ። የባለሱቁ ዱቤ ወይም የቤት ሠራተኛዎ ደመወዝ ሳይከፈል የሚሰጥ ምጽዋት ከኪስዎ የወጣ አይደለም። የያዕቆብ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ስለተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ የሚናገረውን አንዴ ማንበብ ይበቃል።

ከዚያ መጠኑን ይቁረጡ። ልኩ ዐሥራት ነው፤ በወር 15,000 ብር እጁ የሚገባ ሰው 1,500 ያወጣል። በአንዴ ከከበደዎት በ500 ይጀምሩና በየሦስት ወሩ ያሳድጉት። ዐሥራት ተከፋፍሎ አይጀመርም የሚሉ አባቶች ይቈጡኝ ይሆናል፤ ሆኖም በየወሩ የማይቋረጥ 500 ብር፣ በዓመት አንዴ በስሜት ከሚወረወር 5,000 ብር ይልቅ እጅን ያለማምዳል። ባለትዳር ከሆኑ ቁጥሩን አብራችሁ ቁረጡት። በስውር የሚሰጥ ምጽዋት ከትዳር ጓደኛ የሚደበቅ ማለት አይደለም።

ደመወዝ በገባበት ዕለት ገንዘቡን ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ ያዛውሩ። የተወሰነውን ዘርዝረው በኪስዎ ይያዙ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን የሚሆን ዝርዝር ጠፍቶ ማለፍ የተለመደ ሰበብ ነው።

ለጿሚ ሰው ደግሞ ሌላ የገንዘብ ምንጭ አለ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ወደ ግዕዝም የተተረጎመው «የሄርማስ እረኛ» የተባለ መጽሐፍ፣ ጿሚው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። ምክር ብቻ ሳይሆን ሂሳብ ነው። እንዲህ ይሥሩት፦ በፍስክ ሳምንት ለምግብ የሚያወጡትን ይመዝግቡ፤ በጾም ሳምንትም እንዲሁ ያድርጉ። ልዩነቱ በቀን 60 ብር ቢሆን፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት 3,300 ብር ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ምንጭ አገኙ ማለት ነው። ልዩነቱ ዜሮ ከመጣ ግን ጾሙን ራሱን ይመርምሩት። ምግብ ቤት ገብቶ ከሥጋ ወጥ የሚወደድ በያይነቱ አዝዞ፣ በላዩ ጭማቂ ደርቦ የሚጾም ሰው ምን ቆጥቦ ይሰጣል?

ለማን? እናትና አባትን መጦር የልጅነት ግዴታ ስለሆነ ከምጽዋት ሂሳብ ባይገባ ይሻላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ድርሻ ቀጥሎ ቅርብዎ ያለውን ችግር ይፈልጉ፦ ኪራይ ያቃታት ጎረቤት፣ ደብተር የሌለው ተማሪ። ማን እንደተቸገረ የእድሩ ዳኛና ሰበካ ጉባኤው ያውቃሉ፤ እነሱን ይጠይቁ። ዝክር የሚዘክሩም ከሆነ የጠገበ እንግዳ ብቻ አይጥሩ።

አሰጣጡ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንዱ ፎቶ ነው፤ ዘይትና ዱቄት ይዛ ለካሜራ የቆመች እናት ፊቷን ከፍላ ነው የወሰደችው። ሁለተኛው መድረክ ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ በማይክሮፎን ቃል ሲገባ ጭብጨባው የልብ ሙቀት ይጨምራል፤ ከለዩት ሂሳብ በላይ ቃል አይግቡ። የገቡትን ግን በወሩ ውስጥ ያስገቡ።

መስጠቱ ከተለመደ በኋላ ፈተናው የገቢ ማደግ ነው። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በአንድ ስብከቱ ያነሣው የኦክስፎርድ ወጣት፣ በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28 ኖሮ 2 ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት 60 ሲያገኝም በዚያው 28 ኖሮ 32 ሰጠ፤ በአራተኛው ዓመት ገቢው 120 ደርሶ ኑሮው አሁንም 28 ነበር። ወጣቱ ራሱ ዌስሊ እንደሆነ ይታመናል። የጤፍ ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት አገር ወጪን በአንድ ቁጥር ማቆም አይቻልም። የሚቻለው፣ የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ ገና ሳይለምዱት ሲሶውን ወደዚያ ወደ ለዩት ሂሳብ ማዛወር ነው።

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የሂሳቡን ዝርዝር ከባንክ አውጥተው ይመልከቱት። ሳይሰጥ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለአዲሱ ዓመት አያሻግሩት፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት ሰጥተው ይጨርሱ።