አልለቅ ያለ ፍሬን፤ ምርመራውና ጥገናው

ከሸቤ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መኪና ወደ ጎጀብ ወንዝ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ የማይዝ ፍሬን አደገኛ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ይዞ የማይለቅ ፍሬን ግን ከዚያ የማያንስ አደጋ እንዳለው የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ስለዚህ በፊዚክስ ከተማርነው የፓስካል ሕግ ተነሥቼ ነገሩን ላስረዳ እወዳለሁ።

ፓስካል (1623–1662) እንዳስተማረው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲገፋ ግፊቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራዎቹን ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ያጣብቃል። እግሩን ሲያነሣስ ፒስተኑን የሚመልሰው ምንድን ነው? እንደ ታምቡር ፍሬን የሚስብ ሞላ የለበትም። የሚመልሰው በዙሪያው ያለው የጎማ ቀለበት ነው፤ ፒስተኑ ሲወጣ ቀለበቱ ይጣመማል፥ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ጥቂት ይስበዋል። ይህ ኃይል እጅግ አነስተኛ ስለ ሆነ ትንሽ ዝገት ያሸንፈዋል።

በአገራችን በጅማ ዙሪያ ዝናቡ ብዙ ወራት ይቆያል። በተቀደደ የአቧራ መከላከያ ውሃና ጭቃ ሲገባ ፒስተኑ ይዝጋል፤ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖችም ይደርቃሉ። ያን ጊዜ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ አንደኛው ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ የሚቃጠል ሽታ ይመጣል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል። አልለቅ ያለው ፍሬን አልይዝ ይላል ማለት ነው።

ለምርመራው ፍሬኑ ይብረድ። መኪናውን በሜዳ አቁማችሁ ሌሎቹን ጎማዎች በታኮ አግዱ፤ በክሪክ አንሥታችሁ በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉና ጎማውን በእጅ አዙሩ። ካልዞረ የአየር ማስወጫውን ቡሎን ጥቂት ፍቱ። ዘይት ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ ውስጡ ያበጠ የላስቲክ ቱቦ ወይም የፍሬን ማስተር ነው። ካልተለቀቀ ጥፋቱ በካሊፐሩ ነው፤ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ ካልተንሸራተተ ፒኖቹን፥ ፒስተኑ ተመልሶ አልገባ ካለ ፒስተኑን መርምሩ።

ለጥገናው፥ ቱቦው ሳይፈታ ፔዳሉን በዝግታ በመርገጥ ፒስተኑን ማስወጣት ይቻላል። ዝገት የቦረቦረው ፒስተን ይለወጣል፤ ቀለበቱም አዲስ ይሆናል። ዕቃው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ይታጠባል እንጂ በቤንዚን፥ በናፍጣ ወይም በሞተር ዘይት አይነካም፤ እነዚህ ጎማውን ያሳብጡታልና። ፒኖቹ ተወልውለው ጎማ የማይጎዳ ግራሶ ይቀባሉ። በመጨረሻ አዲስ ዘይት ተሞልቶ አየሩ ይወጣል፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱም በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ይረገጣል።

አንዳንዶች ቱቦውን ቆልምመው በቀሩት ጎማዎች ፍሬን ሲጓዙ ታዝቤአለሁ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ የሚያፈስሱም አሉ። የመጀመሪያው መኪናውን በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጥላል፤ ሁለተኛው ዲስኩን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል። ከቁልቁለቱ በፊት ቆሞ ቸርኬዎቹን መመልከት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሚኒባሱ ውስጥ ግን የብዙ ሰው ሕይወት አለ።